«ኃይለኛ ውሻ አለ»፦ የ51 ውሾች ጉዳይ

በአዲስ አበባ ብዙ የግቢ በሮች ላይ አንዲት ቆርቆሮ ተመትታለች። «ኃይለኛ ውሻ አለ» ትላለች። በሩ ሲከፈት ብቅ የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ያረጀ ቡቺ ነው፤ ጅራቱን እየቆላ እንግዳውን ራሱ ይቀበላል። ጭራሽ ውሻ የሌለበት ግቢም አለ። ቆርቆሮዋ ብቻዋን ትጠብቃለች።

ዛሬ የማወራው ፒትቡል ስለሚባሉ 51 ውሾች ነው። እነሱም ላይ እንዲህ ያለች ቆርቆሮ ተመትታባቸው ነበር። የመታባቸው ግን አንድ የግቢ ባለቤት አይደለም። ጋዜጣው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ከዚያም አልፎ ለእንስሳት ቆመናል የሚሉት ትልልቆቹ ድርጅቶች ናቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ቦታው ቨርጂኒያ ነው። ሐበሻው ከሚበዛባቸው ከአሌክሳንድሪያና ከፎልስ ቸርች ተነስቶ ወደ ደቡብ ሦስት ሰዓት ገደማ የነዳ ሰው ሰሪ ካውንቲ ይደርሳል። ገጠር ነው። አፕሪል 25 ቀን 2007 ፖሊሶች የብርበራ ማዘዣ ይዘው ሙንላይት ሮድ ላይ ወዳለ ትልቅ ነጭ ቤት መጡ። የሚፈልጉት አደንዛዥ ዕፅ ነበር፤ ነገሩም የባለቤቱን ዘመድ የሚመለከት ነው። የቤቱ ባለቤት ማይክል ቪክ ይባላል። ያኔ አትላንታ ፋልከንስ የሚባለው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ኳርተርባክ፣ ማለትም ጨዋታ መሪ ነበር፤ በ2004 መጨረሻ የ10 ዓመት፣ የ130 ሚሊዮን ዶላር ውል የፈረመ ኮከብ።

ዕፅ ፍለጋ የገቡት ፖሊሶች ያገኙት ውሻ ነው። ከ60 በላይ። አብዛኞቹ ፒትቡሎች።

ከቤቱ ጀርባ ጥቁር ቀለም የተቀቡ ቤቶች ቆመዋል። የአንደኛው ፎቅ ውሾቹ የሚፋለሙበት ነው። ከዛፎቹ መሃል ደግሞ የመኪና አክስል መሬት ውስጥ ተቀብሯል። አክስሉ ላይ ወፍራም ሰንሰለት፣ ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ውሻ። አክስል የተመረጠው ስለሚሽከረከር ነው፤ ውሻው ሲዞር ሰንሰለቱ አይጠመጠምም። የሰንሰለቱ ርዝመትም በዘፈቀደ አይደለም። አንዱ ውሻ ጎረቤቱን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ያልቃል። ቀኑን ሙሉ ይተያያሉ፣ አይደራረሱም። እንዲህ የዋለ ውሻ ቢከፋ ይፈረድበታል?

በልምምድ ወቅት ደካማ የመሰሉት ምን እንደደረሰባቸው የክስ ሰነዱ ላይ ሰፍሯል። በገመድ የተሰቀለ አለ፣ ውሃ ውስጥ የተደፈቀ አለ፣ በጥይት የተመታ አለ። ከዚህ በላይ አልዘረዝርም።

የፍርድ ቤቱን ጉዳይ በአጭሩ ልለፈው። ጁላይ ላይ በውሻ ማፋለም የፌዴራል ክስ ተመሠረተ። ኦገስት 27 ቪክ ጥፋተኛ ነኝ አለ። ዲሴምበር 10 ቀን ሪችመንድ ከተማ ዳኛ ሄንሪ ሃድሰን የ23 ወር እስራት ፈረዱበት። ከዚህ ሁሉ ለኛ የሚጠቅመን አንድ ነገር ነው። ለውሾቹ ማሳደጊያ የሚሆን ወደ 928 ሺህ ዶላር ከኪሱ እንዲያስቀምጥ ተደረገ። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ውሾቹ።

በፖሊስ ቋንቋ ውሾቹ ኤግዚቢት ናቸው። እንደ ተያዘ ሽጉጥ፣ እንደ ተያዘ መኪና። ኤግዚቢት ደግሞ መዝገቡ እስኪዘጋ ይቀመጣል እንጂ ለማንም አይሰጥም። በአካባቢው ባሉ የመንግሥት መጠለያዎች ተከፋፍለው ወራት ቆዩ። በመጠለያ ውስጥ ወር መቀመጥ ለሰላማዊ ውሻም ከባድ ነው። ሲሚንቶ ወለል፣ የብረት በር፣ ቀንና ሌሊት ጩኸት። እነዚህ ደግሞ ሠራተኛው የሚፈራቸው ናቸው። ከጓዳቸው አውጥቶ የሚያንሸራሽራቸው ሰው ብዙም አልነበረም።

እስከዚያ ዘመን ድረስ ከውሻ ፍልሚያ የተያዘ ውሻ ፍጻሜው የታወቀ ነበር። መዝገቡ ሲዘጋ በመርፌ ይገደላል። ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አያየውም። በዚህ ጊዜም የታሰበው ያው ነው። የአገሪቱ ትልቁ የእንስሳት ድርጅት ሂውሜን ሶሳይቲ ውሾቹ ቢገደሉ ይሻላል አለ። ለእንስሳት መብት የሚሟገተው ፔታም እንዲሁ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ሐሳባቸውን ግን ለማንቋሸሽ አልቸኩልም። ክርክራቸው ሞኝነት አልነበረም። መጠለያዎቹ ሞልተዋል፣ ማንንም ያልነከሱ ፒትቡሎች በየቀኑ ቦታ አጥተው ይገደላሉ፤ ለመፋለም ለተዳቀሉ ውሾች ይህን ያህል ገንዘብና ጊዜ ማፍሰስ ለምን? ደግሞስ አንዱ ወጥቶ ሕፃን ቢነክስ ማን ይጠየቃል? ስህተታቸው ሌላ ቦታ ነው። ስለ 51 ውሾች የተናገሩት እንደ አንድ ውሻ አድርገው ነው።

በዚህ መሃል ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ያለ ባድ ራፕ የሚባል ትንሽ የፒትቡል ድርጅት ለመንግሥት አንድ ጥያቄ አቀረበ። ከመገደላቸው በፊት አንድ በአንድ እንያቸው። መንግሥትም፣ ብዙ ሰው ባልጠበቀው ሁኔታ፣ እሺ አለ። ሴፕቴምበር 2007 ላይ ኤኤስፒሲኤ በሚባለው ነባር የእንስሳት ማኅበር የሚመራ የባለሙያዎች ቡድን ቨርጂኒያ ወረደ። እስከዚያ ጥቂቶቹ ሞተው ስለነበር የተመረመሩት 49 ናቸው።

ምርመራው ሲነገር ቀላል ይመስላል። ውሻውን ከጓዳው ያወጡታል። ሰው ሲቀርበው ምን ያደርጋል? ገላውን ሲዳብሱትስ? ምግብ ይሰጡትና እየበላ ሳለ ሳህኑን ይነካኩበታል። የሕፃን ቁመት ያላት አሻንጉሊት ያሳዩታል። በመጨረሻ ሌላ ውሻ ያመጡበታል።

የጠበቁት ጭራቅ ነበር። አብዛኞቹ ግን ሌላ ነገር ሆነው ተገኙ። ብዙዎቹ ሰው ሲያዩ ወለሉ ላይ እንደ ቂጣ ተለጠፉ። አይናከሱም፣ አይጮኹም፣ አይነሱም። ሆዳቸውን ሲሚንቶው ላይ ጠፍጥፈው፣ ዓይናቸውን ብቻ እያንከራተቱ፣ የሚመጣውን ይጠብቃሉ። ሌሎቹ ደግሞ እንደማንኛውም ያልተገራ ቡችላ ሰው ላይ ይዘላሉ፣ ይልሳሉ፣ ይቅበጠበጣሉ። በጠባዩ የተነሳ ሊረዳ አይችልም ተብሎ በመርፌ የተገደለው አንድ ብቻ ነው። እሷም ሴት ናት፤ ያለ ዕረፍት እንድትወልድ ስትደረግ የኖረች። ሌላ አንድ ደግሞ በሕመም ምክንያት ተገደለ። 47ቱ ተረፉ።

አንድ ለአርባ ስምንት። ቆርቆሮዋ የተመታችው ግን በሁሉም በር ላይ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ነገር የሕግ ሰዎችን የሚያስደስት ነው። በኦክቶበር ፍርድ ቤቱ ለውሾቹ ሞግዚት ሾመላቸው። ልክ ወላጅ እንዳጣ ልጅ። የተሾሙት በኢንዲያና የቫልፓራይሶ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፕሮፌሰር ሪቤካ ሃስ ናቸው። ሥራቸው እያንዳንዱ ውሻ የት ይሂድ የሚለውን መወሰን ነው። ውሾቹን እየዞሩ አዩ፣ የሚወስዱትን ድርጅቶች ማመልከቻ መረመሩ፣ ለስምንት ድርጅቶች አከፋፈሏቸው። ትልቁ ድርሻ፣ 22 ውሾች፣ ዩታ ውስጥ ካናብ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ላለው ቤስት ፍሬንድስ ለሚባል የእንስሳት መጠለያ ደረሰ። አሥሩን ባድ ራፕ ወሰደ። የቀሩት በየክፍለ ግዛቱ ተበተኑ።

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ «መጠለያ ሄደን ውሻ እናምጣ» ለሚል ቤተሰብ መናገር የሚጀምረው። ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የፍርድ ቤት አይደለም። የሳሎን፣ የኩሽናና የጓሮ ነው።

አንዷ ስዊት ጃስሚን ትባላለች። ባልቲሞር አካባቢ ወደሚኖር ቤተሰብ ሄደች። ቂጣ ከሆኑት አንዷ ናት። የሽቦ ቤቷን በር ከፍተውላት አልወጣ አለች። ወራት ሙሉ ተሸክመው ወደ ጓሮ እያወጡ፣ ተሸክመው እየመለሱ ኖሩ። ነፃነት ተሰጥቷታል፤ ምን እንደምታደርግበት አታውቅም። በ2008 መጨረሻ አንድ ታዋቂ የስፖርት መጽሔት የሽፋን ፎቶ ያደረገው እሷን ነው። ከቪክ ይልቅ የሷ ፊት።

ሌላው ሊዮ ነው። ካሊፎርኒያ ገባ። እሱ የሚያስፈራው ነገር ያለ አይመስልም። ጥቂት ሳምንታት ሠልጥኖ፣ አንገቱ ላይ እንደ ሰርከስ ቀልደኛ ያለ ባለ ቀለም አንገትጌ አድርጎ፣ የካንሰር ሕሙማንን የሚጠይቅ ውሻ ሆነ። ያ ውሻ ከዚያ ግቢ ወጥቶ ነው። ጆኒ ጀስቲስ ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ ነው የገባው፤ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር። ሥራው ዝም ብሎ መተኛት ነበር ማለት ይቻላል። ንባብ የሚከብዳቸው ልጆች አጠገቡ ቁጭ ብለው መጽሐፍ ያነቡለታል። ውሻ አያርምም፣ አይስቅም፣ «ድገመው» አይልም። አስተማሪዎቻችን እንዲህ ቢሆኑ ስንቶቻችን እናነብ ነበር!

ሄክተር ደረቱና እግሩ በጠባሳ የተሞላ ነበር። ሚኒሶታ ገብቶ እሱም የሆስፒታል ጠያቂ ሆነ። ጠባሳውን ያየ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ከዚያ ይዳብሰዋል።

ደስ የሚለውን ብቻ መርጬ ብነግራችሁ ግን ቆርቆሮዋን ገልብጬ መለጠፌ ነው። «መልአክ ውሻ አለ» እንደማለት። ሁሉም እንደ ሊዮ አልሆኑም። ድምፅ በሰሙ ቁጥር እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ የሚርበደበዱ ነበሩ። ከሰው ጋር ሰላም ሆነው ሌላ ውሻ አጠገባቸው ማየት የማይችሉ ነበሩ። ዩታ ከሄዱት መካከል ቤት ሳያገኙ እዚያው መጠለያው ውስጥ ኖረው የሞቱ አሉ። እና ወሳጆቹን ማንም «ይኸው ውሻህ፣ ደህና ግባ» ብሎ አልሸኛቸውም። የወንጀል ሪከርዳቸው ታየ። ቤታቸውና አጥራቸው ተጎበኘ። ከቤስት ፍሬንድስ የወሰዱት ውሻው የሥነ ሥርዓት ፈተና እስኪያልፍ፣ ከዚያም በጊዜያዊ አሳዳጊነት ስድስት ወር እስኪቆዩ ድረስ የራሴ ነው ማለት አይችሉም ነበር።

ይህ የመጨረሻው ነገር ይመስለኛል ከሁሉም የሚበልጠው። እኛ ዘንድ ውሻ ሲመጣ ባንዴ ነው። ጎረቤት ወለደች ይባላል፣ ቡችላው በካርቶን ይመጣል፣ አለቀ። አሜሪካ ያለ መጠለያ ግን ማመልከቻ ያስሞላል፣ ክትባቱን ጨርሶ፣ አኮላሽቶ፣ ከቆዳው ሥር መለያ ቺፕ አስገብቶ፣ ገንዘብ ተቀብሎ ነው የሚሰጠው። ብዙ ሐበሻ በዚህ ይናደዳል። «ውሻ ለመውሰድ ቪዛ ነው እንዴ የምጠይቀው?» ይላል። አንዳንዱ ጥያቄ ያበዛል፣ አልክድም። ግን ፎስተር የሚሉት ጊዜያዊ ማሳደግ ለሁለቱም ወገን መልካም ነው። ከቡና ቤት ትውውቅ ወዲያው ሠርግ የለም።

ሌላው ነገር የጓዳው በር ላይ የምትለጠፈዋ ወረቀት ናት። ስም፣ የተገመተ ዕድሜ፣ የተገመተ ዘር። «የተገመተ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። አብዛኛውን ጊዜ የውሻው ዘር የሚጻፈው በዓይን ታይቶ ነው፤ የዲኤንኤ ምርመራ ሲደረግ ግምቱ ብዙ ጊዜ ስህተት ሆኖ ተገኝቷል። ፒትቡል ራሱ የአንድ ዘር ስም አይደለም፤ ጭንቅላቱ ሰፋ፣ ደረቱ ወጣ ያለን ውሻ ሁሉ የምንጠራበት የጅምላ ስም ሆኗል። ይሄ የጅምላ ስም ግን ኪራይ ያስከለክላል፣ የቤት ኢንሹራንስ ያስወድዳል። ሜሪላንድ ውስጥ ሐበሻ ብዙ ያለበት ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ በ1997 ፒትቡል ማሳደግን ከልክሎ ክልከላው ለብዙ ዓመታት ቆይቷል። ስለዚህ ውሻ ከመውደዳችሁ በፊት የኪራይ ውላችሁን አንብቡ፤ ከወደዳችሁ በኋላ ያስለቅሳል።

መጠለያ ስትሄዱ ደግሞ በጓዳው በር ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። እዚያ ውስጥ የሚጮኸው ውሻ ምናልባት ከጩኸቱ የተነሳ ነው የሚጮኸው። ጥግ ይዞ የተጠቀለለው «ጨዋ ነው» ተብሎ ይወሰዳል፤ ምናልባት በፍርሃት ደርቆ ነው። ወደ ጓሮው ይውጣልን በሉ። ቁጭ ብላችሁ ዝም በሉ፣ እሱ ይምጣ። ቤት ሌላ ውሻ ካላችሁ ይዛችሁት ሂዱና እዚያው ይተዋወቁ። በማግስቱ ተመልሳችሁ እዩት። በ2007 ቨርጂኒያ የሄዱት ባለሙያዎች ያደረጉት በሙሉ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

አሁን ወደዚያች 928 ሺህ ዶላር።

የቪክ ውሾች የዳኑት ንጹሕ ስለሆኑ ብቻ ነው ብዬ ብጽፍ እዋሻለሁ። የዳኑት ባለቤታቸው ሀብታምና ዝነኛ ስለሆነም ነው። ገንዘብ ነበረ፣ ካሜራ ነበረ፣ መንግሥትም ሁሉ እያየው የ51 ውሾችን ሬሳ ማሳየት አልፈለገም። በ2009 መጀመሪያ ኖርዝ ካሮላይና ዊልክስ ካውንቲ ውስጥ ተመሳሳይ ጉዳይ ነበር። ባለቤቱን የሚያውቀው የለም። ወደ 150 ገደማ ውሾች በፍርድ ቤት ትእዛዝ በመርፌ ተገደሉ። ብዙ ቡችሎች ነበሩባቸው። ከተያዙ በኋላ የተወለዱም ነበሩባቸው። ገና ዓይናቸውን ሳይገልጡ ኃይለኛ ተብለው ማለት ነው። አገር ተቆጣ። ሂውሜን ሶሳይቲም በዚያው ዓመት አቋሙን ለወጠ፤ ከፍልሚያ የተያዘ ውሻ አንድ በአንድ ይታይ አለ። በጁላይ ሚዙሪን ማዕከል ባደረገ ትልቅ ዘመቻ በመቶ የሚቆጠሩ ውሾች ሲያዙ እውነትም አንድ በአንድ ታዩ፣ ብዙዎቹም ቤት አገኙ።

ቪክ በ2009 ተፈታ፣ ለፊላዴልፊያ ኢግልስ ተጫወተ። የፍርድ ገደቡ እስኪያበቃ ውሻ እንዳያሳድግ ተከልክሎ ነበር፤ በ2012 ግን ቤተሰቡ ውሻ አመጣ። ሰው ይለወጣል ወይ አይለወጥም በሚለው ላይ እዚህ አገር ዛሬም ሁለት ወገን ተሠልፎ ይከራከራል። እኔ በበኩሌ ውሾቹን አንድ በአንድ እዩ ብዬ ስጽፍ ውዬ ሰውየውን በጅምላ ልፈርድበት አልደፍርም። ሙንላይት ሮድ ያለውን ቤት ደግሞ በ2011 የገዛው ውሾችን ከሰንሰለት ለማላቀቅ የሚሠራ ድርጅት ነው።

ከ47ቱ የመጨረሻው ፍሮዶ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በሚወዱት ሰዎች መሃል፣ ወደ 15 ዓመት ገደማ ኖሮ ዲሴምበር 2021 ሞተ።

እኔን የማይለቀኝ ግን ሉካስ ነው። በዚያ ፎቅ ላይ ሻምፒዮን የነበረ ቡናማ ውሻ፤ ፊቱ ላይ ጠባሳው ይቆጠራል። ፍርድ ቤቱ ሁለት ውሾች ከቤስት ፍሬንድስ ቅጥር ግቢ ዕድሜ ልካቸውን እንዳይወጡ አዘዘ። አንዷ ሜሪል ናት፤ ለእሷ ምክንያት ነበረ፣ የማታውቀውን ሰው አታስጠጋም። ሌላው ሉካስ ነው። ሉካስ ግን ሰው ይወድ ነበር። ሻምፒዮን የነበረ ውሻ ስለሆነ ሰርቆ ሊያዋልደው ወይም ሊያፋልመው የሚፈልግ አይጠፋም ተብሎ ነው። ስለዚህ ማንም ቤት ሊወስደው አልቻለም። ቀኑን ቢሮ ውስጥ ያሳልፍ ነበር፤ ሠራተኞቹ መሃል። በ2013 እዚያው ሞተ።